ለሶስት ቀን የሚሆን ምግብ ካለን ለምን አንበላውም?

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ድንገተኛ አደጋ እያስተማርኩ ነበር። ትምህርቱ አጭር ነው፣ ምክሩም የታወቀው ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሶስት ቀን የሚበቃ ምግብና ውሃ፣ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አዘጋጅቶ ያስቀምጥ የሚል ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፌ ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና በስዋሂሊ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ለሶስት ቀን የሚሆን ምግብ ቤት ውስጥ ካለ ለምን አንበላውም?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጁ ግን አልሳቀም፣ የምሩን ነበር። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ሳስበው መልስ እንዳልሰጠሁት ገባኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ልጅ የምነግረውን ነገር ስፈልግ ነው።

መቼም ባለሙያ አይደለሁም። ፎርም ፎር ጨርሼ እዚሁ ካኩማ የማስተምር ሰው ነኝ። ግን ካምፕ ውስጥ አድጌያለሁ፣ ጎርፍም እሳትም የጥይት ድምፅም አይቻለሁ። የምጽፈው የማውቀውን የካኩማን ነገር ነው። ዳዳብም ሆነ ገዳሪፍ ወይም ናኪቫሌ ያላችሁ ደግሞ ከእናንተ ቦታ ጋር እያስተያያችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የልጁን ጥያቄ እንውሰድ። ምክሩ የተጻፈው መደርደሪያ ላለው ቤት ነው። ዛሬ ትርፍ ገዝቶ ለነገ ማስቀመጥ ለሚችል ቤተሰብ። እኛ ጋ ያለው ሂሳብ ሌላ ነው። አንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ያስፈልገዋል ተብሎ ነው ሙሉ ራሽን የሚሰላው። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ላይ ኬንያ ውስጥ ላለን ስደተኞች ራሽኑ ወደ 28 በመቶ ወረደ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ የለኝም አለ፣ የጥሬ ገንዘቡም ድጎማ ቆመ። 28 በመቶ ማለት በቀን ወደ 590 ካሎሪ ነው። ቆይቶ ደግሞ ቤተሰቦችን በምድብ ከፋፍለው ለባሰበት የተሻለ፣ ለሌላው ያነሰ፣ በመጨረሻው ምድብ ለገባው ምንም ሆነ። እንግዲህ ከዚህ ላይ የሶስት ቀን ምግብ ቆጥብ የሚባለው ሰው ምን ብሎ ይመልስ? ልጁ ትክክል ነው፣ ይበላዋል።

ግን ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም፣ እኔን የሚያሳስበኝም ቀጥሎ ያለው ነው። ራሽን ሲቀንስ ሰው ምግብ ብቻ አይደለም የሚያጣው፣ ለአደጋ ቀን የሚሆነውን ዕቃ ይሸጣል። በእኛ ብሎክ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሚሸጠው ትርፍ ጀሪካን ነው። ቀጥሎ ሸራው፣ ከዚያ ፍራሹ፣ ከዚያ የፀሐይ መብራቷ፣ መጨረሻ ላይ ስልኩ። ይህን ዝርዝር ገልብጣችሁ ብታነቡት የአደጋ መዘጋጃ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። ውሃ መያዣ፣ መጠለያ፣ መኝታ፣ መብራት፣ መገናኛ። ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ግን ስንት ኪሎ እህል እንደቀረ ብቻ ነው። ስንት ቤት ጀሪካኑን እንደሸጠ የሚቆጥር የለም።

ከዚህም የባሰ አለ። ሱቅ በዱቤ የሚወስድ ሰው ለባለሱቁ ማስያዣ ምን እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። ሲም ካርዱን ነው። ከባምባ ቻኩላ ጊዜ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ገንዘቡ በሲም ስለሚገባ ባለሱቁ ሲሙን ከነሚስጥር ቁጥሩ ይይዛል፣ ገንዘቡ ሲገባ ዕዳውን ቆርጦ ይወስዳል። ባለሱቁን አልወቅስም፣ እሱም ዕዳ አለበት። ነገር ግን ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ ያ ሲም ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዘመድ ቢደውል አያገኝህም፣ ከቢሮ መልዕክት ቢላክ አታየውም። ዱቤ የግድ ከሆነ ቢያንስ ሰው የሚያውቀው ሁለተኛ ቁጥር ይኑራችሁ፣ ወይም የጎረቤት ቁጥር ለዘመድም ለልጆችም ትምህርት ቤት አስመዝግቡ። ማስመዝገቡ ገንዘብ አይጠይቅም።

ካምፕ ውስጥ መዘጋጀት ማለት ማከማቸት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ማከማቸት አንችልም። የምንችለው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ያለችንን ትንሽ ነገር በዚያች ሰዓት እንዳናጣ አስቀድሞ ማሰብ፣ ሁለተኛ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መስማማት። ሁለቱም በነፃ ናቸው ማለት ይቻላል። እንዲያም ሆኖ አንሠራቸውም።

ስለ ጎርፍ ልናገር፣ እኔን የነካኝ እሱ ነው። የታራች ላጋ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ቦዳ ቦዳ ይሄድበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ተራሮቹ ጋ ስለሆነ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ይመጣል። አዲስ የመጣ ሰው ይህን አያምንም። ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሆኖ ጎርፍ? ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ግን ያምናል። ደቻቱም እንደዚሁ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል፣ ይመላለስበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ላይ ከደጋው የወረደው ውሃ ሌሊት ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ደረቅ ወንዝ የሚያዘናጋው ደረቅ በመሆኑ ነው።

ካኩማ በገባን በሁለተኛው ዓመት ቤታችን ከላጋው ብዙ አይርቅም ነበር። አንድ ሌሊት እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ከሩቅ የከባድ መኪና የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ መኪናው ግን አያልፍም፣ ድምፁ እየጨመረ ብቻ ይመጣል። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዘለች። እኔ ምን እንዳነሳሁ ታውቃላችሁ? ፍራሽ! ፍራሹን ተሸክሜ ወጣሁ፣ አስር እርምጃ ሳልሄድ ረጥቦ ከበደኝና ጣልኩት። አልጋ ስር የነበረችውን የቆርቆሮ ሳጥን ግን ማናችንም አላስታወስናትም። በነጋታው ጭቃ ውስጥ ተቀብራ አገኘናት። ውስጧ ከሀገር ይዤው የመጣሁት የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ውጤቴ ነበረ። ወረቀቱ አለ፣ ጽሑፉ የለም። ቀለሙ ታጥቦ ወጥቷል።

ትምህርት ቤት ስሄድ «ማስረጃ» ተባልኩ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ባዶ ወረቀት ነው ተባልኩ። ከእኔ በሦስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ስድስተኛ ክፍል ገባሁ። ስምንተኛን ያለፍኩ ሰው! አሁን ሳስበው አልናደድም፣ እነሱም ያላዩትን ውጤት ከየት ያምጡ። ግን ሁለት ዓመቴ በአንዲት ሳጥን ምክንያት ሄዷል። ሳጥኗ አልጋ ስር ባትሆንና በር አጠገብ ከፍ ብላ ብትሰቀል ኖሮ አንስተናት እንወጣ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወረቀት እላለሁ። ምግብ ቢጠፋ ጎረቤት ያጎርሳል፣ ልብስ ቢጠፋ ሰው ይሰጣል። ማኒፌስት ቢጠፋ ግን ጎረቤት ማኒፌስቱን አያካፍልህም። እንደገና ለማውጣት የሚኬደውን ሰልፍና ቀጠሮ የሞከረው ያውቀዋል። ማኒፌስቱን፣ የስደተኛ መታወቂያውን፣ የልጆችን የልደትና የክትባት ወረቀት፣ የትምህርት ውጤት፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ የሐኪሙን ወረቀት፣ የሌላ ሀገር ጉዳይ ያለው የጉዳዩን ቁጥር፣ እነዚህን በአንድ ላይ አድርጉ። ሁለት ፌስታል ደርቡ፣ አፉን አጠፍ አድርጋችሁ እሰሩ፣ በር አጠገብ ከአዋቂ ደረት በላይ ስቀሉ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሕፃኑም ጭምር፣ የት እንዳለ ይወቅ። እኛ ቤት አሁን ሰማያዊ ፌስታል ነው፣ «ሰማያዊዋ» ይባላል።

ስልክ ያለው ደግሞ እያንዳንዱን ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለራሱ ይላክ፣ ወይም ካምፕ ውስጥ ላልሆነ አንድ የሚያምነው ዘመድ። ስልኩ ቢጠፋ በዚያው ሲም ሌላ ስልክ ላይ ሲከፍተው ያገኘዋል። ሲሙ ሱቅ ከሆነ ግን ያው ነው፣ ለዚህ ነው ቅድም ስለ ሲም የነዘነዝኩት። ፎቶውን ግን ግሩፕ ላይ እንዳታስቀምጡት፤ ለደላላም እንዳትሰጡ። የጉዳይ ቁጥር ይዞ ሰው የሚያታልል ሞልቷል።

ጎርፉ ራሱ ሲመጣ ያለው ነገር አጭር ነው። ድምፁን ከሰማህ ወደ ከፍታ ሂድ፣ ዕቃ አትልቀም። የሚፈስ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ካለ፣ አስራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ትልቅ ሰውን ይጥላል። ልጅ ይዞ በዚያ ማቋረጥ አይሞከርም። እዚህ ጋ ስለ ወጣቶቹም ልበል፣ እኔም አንዱ ነኝና። ጎርፍ መጣ ሲባል ላጋው ዳር ቆሞ በስልክ መቅረጽ አለ። የሚፈስ ውሃ ዳሩን ከስር ይበላዋል፣ የቆምክበት ሳታውቀው ይናዳል። ሰው ለማዳን የሚሮጠውም ቆም ብሎ ማየት አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የሆነውን ሰምታችኋል። መጀመሪያ በወረደው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሰው ተሰበሰበ፣ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱ ነበሩ። ወገን ሲቀበር አትሂድ ማለት አልችልም። ላይ የሚጠብቅ አንድ ሰው አቁሙ፣ ገመድ ይኑር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይግባ ነው የምለው።

ከጎርፉ በኋላ ያለው ከጎርፉ የማይተናነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የኤልኒኞ ዝናብ፣ ከዚያም በ2024 የጸደዩ ዝናብ ዳዳብን አጥለቀለቀው። ሽንት ቤቶች ሞልተው ፈሰሱ፣ ውሃውና ቆሻሻው አንድ ሆነ። እኛም ጋ የቧንቧ መስመር ሲቆረጥ ሰው ላጋው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀዳል። ተቅማጥ የሚነሳው ያኔ ነው።

የውሃውን ሂሳብ ከተማሪዎቼ ጋር ሠርተነው ነበር። ለመጠጥና ለትንሽ ምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን ሶስት ሊትር ብንል፣ ስድስት ሰው ላለበት ቤት ለሶስት ቀን 54 ሊትር ነው። ባለ ሃያው ጀሪካን ሶስት። ምግብ ማስቀመጥ አንችልም፣ ሶስት ጀሪካን ውሃ ግን ብዙ ቤት ሊያሳድር ይችላል፣ ጀሪካኑ ካልተሸጠ። እኛ ቤት አንድ ሕግ አውጥተናል፣ ባዶ ጀሪካን አያድርም። ማታ ተሞልቶ ይታደራል፣ ጠዋት ይጠጣል፣ ይታጠብበታል፣ ደግሞ ይሞላል። ለአደጋ ብለን የለየነው ውሃ የለም፣ ግን ማታ ማታ ሁሌም አለን። ጎርፍ ደግሞ ማታ መምጣት ይወዳል።

ማገዶ ሳይኖር ውሃ ማፍላት ቅንጦት ነው፣ አውቃለሁ። የቱርካና ፀሐይ ግን በነፃ ነው፤ አንድ ቀን እንኳን ይጥቀመን። ያልተቧጨረ፣ ንፁህ የሆነ፣ ከሁለት ሊትር የማይበልጥ ነጭ ሃይላንድ ውሰዱ። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀምጣችሁ አጥልሉት፣ በንፁህ ነጠላ አጣሩት። ከዚያ ሞልታችሁ ክዳኑን ዝጉና ቆርቆሮ ላይ አጋድሙት። ጥርት ያለ ፀሐይ ከሆነ ስድስት ሰዓት፣ ደመና ከበዛ ሁለት ሙሉ ቀን። ተዋህሲያኑን ፀሐዩ ይገድላቸዋል። ድፍርስ ውሃ ላይ ግን አይሠራም፣ ኬሚካል ያለበትንም አያጸዳም። ክሊኒክ የውሃ ማከሚያ ክኒን ሲሰጥ ተቀበሉ፣ «ይሸታል» ብላችሁ አትመልሱ።

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ ኦአርኤስ እስኪገኝ ቤት ውስጥ ይሠራል። አንድ ሊትር ንፁህ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን እንጂ የተቆለለ አይሁን። ጨው ማብዛት ይጎዳል። ጥቂት በጥቂት እያጠጡ ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥ። ስኳር ውድ ነው ትሉኛላችሁ። ለቡና የምናስቀምጣት ማንኪያ ስኳር አለች አይደል፣ እሷን።

እሳት ላይ ብዙ አልቆይም። ቤቶቻችን ተጠጋግተዋል፣ ንፋሱ ኃይለኛ ነው። የእኛ የሀበሾች ችግር የቡናው ከሰል ነው። ሶስተኛው ጀበና ካለቀ በኋላ ፍሙ ምድጃ ላይ ይቀራል፣ ጨዋታ ይደራል፣ ንፋስ ይነሳል። አሸዋ ላይ ነው የምንኖረው፣ በአንድ የተቀደደ ባልዲ አሸዋ ሞልቶ ምድጃው አጠገብ ማኖር ምን ይከብዳል? ዝናብ በሚዘንብበት ሌሊትም ከሰል ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል፣ ጭሱ ባይታይም። የተቃጠለ ሰው ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቅቤ አይቀባም። ቀዝቃዛ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ነው። ያችም ከማታው ጀሪካን ትገኛለች።

ሰው ሠራሽ የሚባለው አደጋ ግን ከእሳትም ከጎርፍም ይልቅ ለማውራት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ካኩማ ውስጥ በማኅበረሰቦች መካከል በተነሳ ግጭት ሰው ሞቷል፣ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። በማርች 2025 በራሽን መቀነስ ምክንያት ሰልፍ ወጥቶ ሰዎች በጥይት ቆስለዋል። ከእኛ ራቅ ሲል ደግሞ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ከሀገራችን ጦርነት ሸሽተው ምሥራቅ ሱዳን የገቡት ወገኖቻችን እዚያ ሲቀመጡ በኤፕሪል 2023 ሱዳን ራሷ ተቃጠለች። ሸሽተው የተጠለሉበት ቤት ነደደ። «ካምፕ ገባን፣ ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል?» ማለት እንደማይቻል እነሱን ያየ ያውቃል።

እንደ መምህር የማየው አንድ ነገር አለ። ተኩስ ተሰማ ወይም ተሰማ ተብሎ ከተወራ፣ ወላጅ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣል። መቶ ልጅ ባለበት ክፍል አርባ እናት በር ላይ ትመጣለች። ልጆቹ ያያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ በመስኮት ይዘላሉ። አንድ ጊዜ ምንም ነገር ሳይኖር፣ ጎማ ፈንድቶ ነው፣ ሁለት ልጆች በግርግሩ ተረግጠው እጃቸው ተሰበረ። እናትን አትሩጪ ማለት አይቻልም። ግን ከአንድ መስመር ያሉ አራት አምስት ቤቶች ተነጋግረው፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ልጆቻችንን የሚያመጣው እገሌ ነው ብለው ስሙን ለትምህርት ቤቱ ቢሰጡ ግማሹ ግርግር ይቀራል። ለልጆቹም ያ ሰው ይነገራቸው። የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይያዙ፣ በዜማ ካስጠናችኋቸው በሁለት ቀን ይይዙታል፣ ሞክሬዋለሁ። ቤተሰቡ ከተበታተነ የሚገናኝበት ቦታም ይወሰን። «ቤት» አይባልም፣ ቤቱ ላይኖር ይችላል።

ተኩሱ እውነት ከሆነ ደግሞ ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጥይት አያስቆሙም። መሬት ላይ መተኛት፣ ከበርና ከመስኮት መራቅ፣ ወጥቶ አለማየት ነው። ስልክ ላይ የሚመጣውን ወሬ ሳያጣሩ ማስተላለፍም እንደ ማቀጣጠል ነው። «እነ እገሌ መጡ» የምትል አንዲት የድምፅ መልዕክት ስንት ጎረቤት እንዳጣላች አይተናል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይህን ሁሉ ስጽፍ «እንግዲህ ራሳችሁን ቻሉ» የሚሉት ሰዎች ደስ እንዳይላቸው እሰጋለሁ። ላጋው ዳር ቤት እንዲሠራ ቦታ የሰጠን እኛ አይደለንም። ላይ ጎርፍ ሲነሳ ታች ላለነው የሚነግረን መሣሪያ ማቆም፣ ዳር ያሉትን ማንሳት፣ የውሃ ማፍሰሻ መቁረጥ የእኛ አቅም አይደለም። ራሽን ቀንሶ ስለ ዝግጁነት ሥልጠና መስጠት ደግሞ ለእኔ አይገጥምልኝም። ሥልጠናው ላይ የሚሰጠው ሻይና ብስኩት ነው ለብዙ ሰው ቁም ነገሩ። ይህን ለማንም ቢሮ ፊት ለፊት እላለሁ። የእነሱን ድርሻ እየጠየቅን ግን ሰማያዊዋን ፌስታል መስቀል እንችላለን።

የመጨረሻው ጉዳዬ ዕድር ነው። ሀበሻ በሄደበት ዕድር አለ፣ ካኩማም ከዘጠናዎቹ ጀምሮ የገቡ አባቶች ያቋቋሙት ልማድ አለ። የእኛ ዕድር ምን አለው? ድንኳን አለው። ትልልቅ ድስት አለው። ጀሪካን፣ አግዳሚ ወንበር፣ የአባላት ስም ከነቤተሰቡ ቁጥር የተጻፈበት መዝገብ አለው። ሰው ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ለመቶ ሰው ምግብ ይቀርባል። ይህን የሚያደርግ ሌላ ድርጅት ካምፑ ውስጥ አላውቅም! ሳናውቀው የአደጋ መጋዘን አለን፣ የሚከፈተው ግን ለሬሳ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ይህን አነሳሁ። ድንኳኑና ድስቱ ጎርፍና እሳት ለደረሰበትም ይሁን፣ መዝገቡ ላይ ዓይነ ስውር፣ አቅመ ደካማ፣ አራስ ያለበት ቤት ምልክት ይደረግበት፣ ለእያንዳንዱም ሌሊት የሚያነሳው ሁለት ወጣት ይመደብ አልኩ። ሰብሳቢው ጋሼ አከብራቸዋለሁ፣ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ናቸው። «ልጄ፣ ዕድር ለሞት ነው። ለሌላ ነገር ከከፈትነው የሞተ ቀን ባዶ ይሆናል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እንዲህ ሆኖ የፈረሰ ዕድር አይተዋል። ገንዘቡን አንንካ፣ ዕቃውን ነው አልኳቸው። ዕቃውስ ጎርፍ ከወሰደው ማን ይተካል አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ያኔ እማማ፣ ዓይናቸው የደከመው፣ ከላጋው ሶስተኛው ቤት ያሉት፣ ከኋላ ሆነው ተናገሩ። «ስሞት በድንኳን ልትሸኙኝ ነው፤ ጎርፍ ከወሰደኝ በኋላ ማንን ነው የምትሸኙት? ሬሳዬን ታገኙታላችሁ?» ሰው ሁሉ ዝም አለ። ጋሼም ዝም አሉ።

እስካሁን የተስማማነው ይህን ነው። ድንኳኑ ለጎርፍና ለእሳት ይወጣል፣ ከሶስት ቀን በላይ አይቆይም። ገንዘቡ አይነካም። ለእማማና ለሌሎች አምስት ቤቶች ሌሊት የሚያነሱ ወጣቶች ተመድበዋል፣ የእማማ ተራ የእኔና የአንድ ጓደኛዬ ነው። አንድ ገመድና ሁለት ፊሽካ በመዋጮ ተገዝቷል። ዕቃው ላጋው አጠገብ ካለው ቤት ወጥቶ ከፍ ወዳለው ቤት እንዲዛወር ተወስኗል። ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጥ የሚለው ግን አከራክሮን ሳይወሰን ቀረ፣ ለፊታችን እሁድ ተቀጥሯል። እኔ ሁለት ቁልፍ ይቀረጽ ባይ ነኝ፣ አንዱ ሌሊት ከቤቱ የማይርቅ ሰው ጋ እንዲሆን። ጋሼ አንድ ብቻ ይላሉ።